የአባባ ኮምፒውተር ይውጣ ወይስ ይቆይ?

በሬ ሲያረጅ ምን እንደሚደረግ የባሌ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ያደልቡትና ለበዓል ይሸጡታል። አህያ ሲያረጅ ይለቁታል፤ የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። ኮምፒውተር ሲያረጅ ግን ምን እንደሚደረግ የሚነግረኝ ሰው ከሮቤ እስከ ጎባ ፈልጌ አጥቻለሁ። ጅብ እንኳ አይበላውም። እኔ ደግሞ የእንስሳት መድኃኒት ሻጭ ነኝ። ለከብት ኮሶ፣ ለበግ ሳል፣ ለዶሮ ፈንግል ከሆነ ከጎሮ ድረስ እየመጡ ያማክሩኛል። ለኮምፒውተር የሚሆን ግን መደርደሪያዬ ላይ የለም።

ኮምፒውተሩ የአባባ ነው። አባባ የምለው አባቴን፣ አቶ ተፈራን ነው። ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ እዚያ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበር። ታይፒስት ስላችሁ ታዲያ ዝም ብላችሁ አትለፉት። በዚያ ዘመን ሹም የሚሾመውም የሚሻረውም በአባባ ጣት ነበር። እርግጥ የሚያዝዘው ሌላ ነው፤ የሚፈርመውም ሌላ ነው፤ ግን አባባ ካልመታው ማን ይሾማል? ደርግ ወድቆ የቢሮ ሥራ ወደ ኦሮምኛ ሲዞር የእሱ ብጤዎች ብዙዎቹ ጡረታቸውን ጠየቁ። እሱ ግን “ቋንቋው የጎረቤቴ ነው፤ እንግዳው ፊደሉ ብቻ ነው” አለና የተማሪ መጽሐፍ ተውሶ የላቲኑን ፊደል፣ ቁቤን፣ ተማረ። ብዙም ሳይቆይ በሁለቱም ቋንቋ እየመታ አለቆቹን አስገረመ።

እናታችን ካረፈች በኋላ፣ ጡረታ ሲወጣ፣ ወደ እኔ ወደ ሮቤ መጣ። ያረፈ መስሎን ነበር። እሱ እቴ! የጽሕፈት መኪናን ትቶ ኮምፒውተር ገዛ፤ ፍርድ ቤቱ አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራየ፤ የድንበር ክስ፣ የፍቺ ጥያቄ፣ የመታወቂያ ማመልከቻ ይጽፍ ጀመር። ባለጉዳይ እንባውን እየጠረገ ይነግረዋል፤ እሱ ደግሞ እንባውን አውጥቶ ጉዳዩን ብቻ ይጽፍለታል።

ከዚያ መርሳት መጣ። መጀመሪያ የክፍሏን ቁልፍ ረሳ። ቀጥሎ ክፍሏን ራሷን ረሳ፤ ሰዎች ከገበያ እጁን ይዘው ያመጡልን ጀመር። አንድ ቀን ባለቤቴን አስናቀችን “እህቴ፣ ይህች ቤት የማን ናት?” ብሎ ጠየቃት። ክፍሏን ለባለቤቶቿ መለስንና ኮምፒውተሩን ሳሎን አስገባነው።

እንግዲህ ኮምፒውተር ስላችሁ ዛሬ በየቢሮው እንደምታዩት እንደ ቂጣ የሳሳውን እንዳታስቡ። ስክሪኑ ከኋላው ገፋ ያለ ሆድ አለው፤ ልትወልድ ቀኗ የደረሰ ላም ነው የሚመስለው። ሲነሣ እንደ ወፍጮ ያጓራል። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ፣ ጠሽ የሚል ድምፅ ሰማን፤ የተቃጠለ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ከዚያ በኋላ አልተነሣም። የጠራሁት ጠጋኝ ከፍቶ አየውና ኮፍያውን አወለቀ። “ጋሼ፣ ነፍስ ይማር” አለኝ።

አለቀ ብዬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት አባባ እንደ ልማዱ ኮቱን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ፣ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ጥቁሩን ስክሪን ትንሽ አየው።

“መብራት የለም?” አለኝ።

“የለም አባባ።” በከተማችን ይሄ መልስ ውሸት ሆኖ አያውቅም፤ አሁን ባይጠፋ ከሰዓት ይጠፋል።

“ሥራ እንግዲህ መብራት አይጠብቅም” አለና ይመታ ጀመር።

በቃ፣ በየቀኑ እንዲህ ሆነ። ምሳ መብላቱን የሚረሳው ሰው የአንዲት ፊደል ቦታ አልጠፋችበትም። ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ ካያችሁት የታመመ ሰው አይመስላችሁም። ይመታል፣ ያርማል፣ ቀና ብሎ ያነባል። ምን እንደሚያነብ እሱና ጥቁሩ መስታወት ያውቃሉ።

ሐጂ ከዲርን ላስተዋውቃችሁ። የስንዴ ነጋዴ ናቸው። ከአባባ ጋር ጎባ አንድ ሰፈር ነው ያደጉት፤ አባባን ኦሮምኛ ያስተማሩት እሳቸው፣ እሳቸውን አማርኛ ያስተማረው አባባ ነው፤ ሁለቱም መጀመሪያ የተማማሩት ስድቡን ነበር ይባላል። ሐጂ የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ሰግደው ከመስጊድ ሲመለሱ ሁልጊዜ ቤታችን ጎራ ይላሉ። አባባ ከጥቁሩ ስክሪን ጋር ሥራ በጀመረ ሰሞን አንድ ቀን እንደ ልማዳቸው ገቡና፣

“አካም ኦልተ፣ ተፈራ?” አሉት። እንዴት ዋልክ ማለታቸው ነው።

አባባ ቀና ብሎ አያቸው። ከልጅነቱ ጀምሮ “አንተ” እያለ የኖረውን ሰው፣ “ደህና ዋሉ? ይቀመጡ። ጉዳይዎ ምንድን ነው?” አላቸው።

ሐጂ ዱላቸውን እንደያዙ ቆሙ። እኔን አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ቀስ ብለው ወንበር ስበው ከአባባ ፊት ለፊት ተቀመጡና፣ “ክስ ነው” አሉ።

“ስም ከነአያት?”

“ከዲር ሁሴን አብዱላሂ።”

“ተከሳሽ?”

“የጎረቤቴ አውራ ዶሮ።”

አባባ ጣቶቹን አነሣ። “ምን አደረገ?”

“ከሙአዚኑ ቀድሞ ይጮሃል። ወላሂ፣ በእሱ ስንቴ ተሳስቼ ተነሥቻለሁ!”

“ዶሮ አይከሰስም” አለ አባባ ቆፍጠን ብሎ። “የሚከሰሰው ባለቤቱ ነው። የባለቤቱን ስም ይንገሩኝ።”

በሌላ ቀን ሐጂ ከሳነቴ አምባ የሚወርደውን ንፋስ ሊከሱ መጡ፤ ስንዴያቸውን አስተኝቶባቸዋል። አባባ ነገሩን አመዛዝኖ ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለግብርና ቢሮ አቤቱታ ቢሆን እንደሚሻል መከራቸው። ደግሞ በሌላ ቀን ሚስታቸውን ከሰሱ፤ ሻይ ላይ ስኳር ትቀንስብኛለች ብለው። “ይሄ የቤተሰብ ጉዳይ ነው” አለ አባባ፤ “መጀመሪያ በሽማግሌ ይታይ።”

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ሐጂም የዞረባቸው መስሎኝ ነበር። አንዱን ሳልችል ሁለተኛ ተጨመረልኝ ብዬ አምላኬን አማርሬያለሁ። ነገሩ የገባኝ አንድ ቀን እስከ በር ስሸኛቸው ነው።

“ሐጂ፣ አይከፋዎትም?” አልኳቸው። “‘እርስዎ’ እያለ እንደ እንግዳ ሲያይዎት?”

“ኧረ ማሎ ልጄ! በዚህ ከተማ ያለ ቀጠሮ የሚያስተናግደኝ ቢሮ የእሱ ብቻ ነው” ብለው ሳቁ። ሳቁን ግን አልጨረሱትም። ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። “ተፈራን አጥቻለሁ። ጸሐፊውንም ማጣት አልፈልግም” አሉኝና ሄዱ።

ክረምቱ ሲገባ ግን ሌላ ችግር መጣ። የአባባ መኝታ ከጓሮ ያለችው ክፍል ነበረች። የሮቤን ክረምት ታውቃላችሁ፤ የማታውቁም ካላችሁ አትወቁት። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ጓሮው ጭቃ ነው፤ አባባ ተንሸራቶ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ። አስናቀች ቁስሉን እያጠበች፣ “ሳሎን ይተኛ” አለች። “ዓይናችን ላይ ይሁን።”

ትክክል ነበረች። ግን ሳሎናችን ምን ያህል ነው? ሶፋው አንዱን ግድግዳ ይዟል፤ ቡፌው ሌላውን ይዟል፤ የቀረችው አንዲት ጥግ የኮምፒውተሩ ናት። ወይ አልጋው ወይ ኮምፒውተሩ። ቡፌው ይውጣ የሚል ሐሳብ አፌ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ምራቄን ውጬ መለስኩት። ቡፌው ላይ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ለሠርጋችን ከመጡ ወዲህ ውሃ ቀምሰው አያውቁም፤ ጳጳስ ቢመጣ እንኳ አይወርዱም። በሚስቱ ቡፌ ላይ እጁን የሚያነሣ ወንድ ወይ ደፋር ነው ወይ አላገባም።

“ኮምፒውተሩ ይውጣ” አልኩ። “ዕቃው እንደሆነ አይሠራም።”

“እሱ እየሠራበት ነው እኮ” አለች አስናቀች ቀስ ብላ።

“ጠረጴዛውን አጠር አድርገን እናቆይለታለን። ጥቂት ቀን ይፈልገዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል።” የመርሳት በሽታ እንዲህ አንዳንዴ እንኳ ለቤተሰብ ይጠቅማል ብዬ ነበር። ሞኝ ሰው የሚያስበው ሁሉ መጀመሪያ ላይ ብልሃት ይመስላል።

ታዲያ የት ይውጣ? አንድ ትምህርት ቤት ልስጥ ብዬ ሄድኩ። ዳይሬክተሩ በትሕትና ተቀበሉኝና አንድ ክፍል ከፍተው አሳዩኝ፤ እስከ ጣሪያ ድረስ የአባባ ዓይነት ኮምፒውተር ተከምሯል። “ካስፈለገህ አንድ ሁለት ውሰድ” አሉኝ። ቆራሌ ጠራሁ። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና፣ “የተሰበረ ባልዲ የለህም?” ብሎኝ ሄደ። መጣሉን ደግሞ ልቤ እምቢ አለ። በመጨረሻ ጎባ ያለችው እህቴ ጽጌ ትዝ አለችኝ። ቤቷ ሰፊ ነው፤ ልጅነታችንን ያሳለፍንበት የአባባ ቤት ነው። እስቲ ቀድሜ ላማክራት ብዬ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። እንግዲህ ይዤላት ከች እላለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

እሑድ አስናቀች አባባን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እኔ ሥራዬን ጀመርኩ። ካፊያ ነበር፤ ስክሪኑ እንዳይረጥብ የአባባን አሮጌ ጥቁር ካፖርት አለበስኩት። የፊደል ቁልፎቹን ሰሌዳ ደረቱ ላይ አጋደምኩለት። የቀረውን ሣጥን በማዳበሪያ ከረጢት ከተትኩና የጎባ ሚኒባስ ተራ ደረስኩ።

“እሱም ይከፍላል” አለኝ ረዳቱ።

“ሰው አይደለም እኮ!”

“ወንበር የያዘ ሁሉ ሰው ነው።”

ተከፈለለት። አጠገቤ አንዲት የጎባ ሴት ተቀምጠዋል፤ ከገበያ ሳትሸጥ የቀረች ዶሮ ታቅፈዋል። የእኔን ዕቃ አዩ፤ ካፖርቱን በጣታቸው ዳሰሱ።

“ይሄን ካፖርትስ የማውቀው ይመስለኛል። የጋሽ ተፈራ አይደለም?”

“አዎ፣ አባቴ ነው። ኮምፒውተሩን ለእህቴ ልወስድላት ነው።”

“ለምን? ሥራውን ተወ?”

“ሞቶ ነዋ” አልኩ፤ እጄን ስክሪኑ ላይ አሳርፌ።

ሴትዮዋ ዶሮዋን አጥብቀው ያዙ። “ኢና ሊላሂ! ምን ገደለው?”

“መብራት። ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ አቃጠለው። ሽታው ቤቱን ሞላው እልዎታለሁ!”

“ዋይ! ምንም አላለም?”

“ጠሽ ብቻ ነው ያለው።”

ዓይናቸው እንባ ሞላ። “አላህ ይዘንለት” አሉ።

“አሜን” አልኩ። ለኮምፒውተርም ዱዓ የሚያደርግ ደግ ሰው በመኖሩ ልቤ ተነካ። ጎባ ስንገባ ሴትዮዋ ሳይሰናበቱኝ እንኳ ወርደው ሲሮጡ አየሁ፤ ዶሮዋ ልታመልጣቸው ነው ብዬ አሰብኩ።

ጽጌ በር ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ካፖርቱን ነው። ፊቷ ተለወጠ። “አባባ ደህና ነው?”

“ደህና ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። ቦታ ጠቦን ኮምፒውተሩን ለአንቺ አመጣሁልሽ።”

ካፖርቱን ገለጥ አድርጋ አየች። የቁልፎቹ ፊደል በአባባ ጣት ተበልቶ ጠፍቷል። እጇን እላያቸው ላይ አሳለፈችና፣ “ከነነፍሱ ዕቃውን ታከፋፍላለህ?” አለችኝ። እንባዋም ወረደ። መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችና ተንሰቀሰቀች። ልጅ ሆነን እንኳ እንዲህ ስታለቅስ አላስታውስም።

እኔ በር ላይ፣ ካፖርት የለበሰ ኮምፒውተር ታቅፌ፣ ቆሜያለሁ። በዚህ መሐል ነው የዶሮዋ ሴትዮ ከጎረቤቶች ጋር የደረሱት። እኔን አዩ፤ ካፖርቱን አዩ፤ የጽጌን ለቅሶ ከውስጥ ሰሙ። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?

“ውይ ጋሽ ተፈራዬን!” ብላ አንዲት ሴት ስትጮህ ሰፈሩ ተነቃነቀ።

“አልሞተም!” አልኩ።

“እውነትህን ነው ልጄ” አሉኝ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው። “እንዲህ ያለ ሰው መቼ ይሞታል።”

“ኧረ በሕይወት አለ!”

“በሥራው ሕያው ነው።”

“ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው እኮ ነው የምላችሁ!”

“ታዲያ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?”

አንድ ሰው ኮምፒውተሩን ከእጄ ተቀበለኝ፤ ሌላው አስቀመጠኝ፤ ሦስተኛው ውሃ አጠጣኝ። ባወራሁ ቁጥር “ተዉት፣ ድንጋጤ ነው” ይላሉ። የዕድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ሰማሁ። ጽጌ ጥሩምባውን ሰምታ “ደግሞ ማን ሞተ?” ብላ ስትወጣ ነው ነገሩ የተፈታው። እሷ አስረድታ፣ ሴቶቹ አፍረው፣ ሽማግሌው “እግዚአብሔር ይመስገን” ብለው ሲያማትቡ፣ የአባባን የድሮ ባልደረቦች የጫነችው ሚኒባስ ግን ወደ ሮቤ ተንቀሳቅሳለች። እኔና ጽጌ ኮምፒውተሩን እዚያው ጥለን ሌላ መኪና ይዘን ከኋላ ተከተልን። እንዲህ ያለ ጉዞ አይግጠማችሁ፤ የራሳችሁን አባት ለቅሶ ለማስቆም ከለቀስተኛ ጋር መሽቀዳደም!

አልደረስንም። ቤት ስንገባ ሳሎኑ ሞልቷል። ጡረተኞቹ ታይፒስቶች፣ መዝገብ ቤቶች፣ ተላላኪዎች፣ ነጠላና ጋቢያቸውን እንደ ሐዘንተኛ አጣፍተው፣ ሶፋው ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ በሩ ላይ ተደርድረዋል። ማንም አያለቅስም። አስናቀች ቡፌው አጠገብ ደርቃለች። አባባ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እንደለበሰው፣ በከረባቱ፣ ጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ ያያቸዋል። ደስ ብሎታል። ፊቱ ላይ እንዲህ ያለ ደስታ ካየሁ ቆይቼ ነበር።

“ሁላችሁም ባለጉዳይ ናችሁ?” አላቸው። “እንግዲያው በተራ በተራ። ሁሉም ይስተናገዳል።”

በዚህ መሐል ሐጂ ከዲር ደረሱ። ወሬው መስጊድ ድረስ ሄዶባቸው፣ ጫማቸውን አቀያይረው ተጫምተው፣ ዱላቸውን ረስተው፣ እያለከለኩ ነው የገቡት። አባባን ሲያዩ ግድግዳውን ያዙ። “ከእኔ በፊት?” አሉ፤ ድምፃቸው ተቆረጠ። “ወላሂ ከእኔ በፊት አትሄድም!”

“ይቅርታ” አለ አባባ። “እርስዎም ተራዎን ይጠብቁ።”

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አባባ ግን ሳቁ አልነካውም፤ ፊቱን ወደ ጠረጴዛው አዞረ፤ እጅጌውን ሰበሰበ፤ ጣቶቹን እንደ ልማዱ አሳረፋቸው። ከጣቶቹ ሥር ምንም የለም። ባዶ እንጨት ነው። ሳቁ ባንድ ጊዜ ጠፋ። አባባ ጠረጴዛውን አየ፤ እጆቹን አየ። አንድ ነገር ሊጠይቅ አፉን ከፈተና ምን እንደሚጠይቅ ጠፋው። ከዚያ እንጨቱን ይመታ ጀመር። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

ሐጂ በሰው መሐል አልፈው ወንበር ሳቡና ከፊቱ ተቀመጡ። “ክስ ነው” አሉ። “ከዲር ሁሴን አብዱላሂ።”

“ተከሳሽ?”

ሐጂ ዞር ብለው እኔን ፈለጉኝ። “ስሙን ነገ እነግርዎታለሁ” አሉት።

ለሞተ ሰው ሊያለቅሱ የመጡት ጡረተኞች ያኔ ነው በሕይወት ላለው ያለቀሱት። ጎረቤቶቻችን ለሐዘኑ ጥደውት የነበረው ንፍሮ ቀረበ፤ ይጣል አይባልም። አባባ የራሱን ንፍሮ ጥርግ አድርጎ በላና፣ “ጥሩ ነው፤ የማን ነው ተዝካሩ?” አለ።

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩን ላመጣ ስነሣ አስናቀች ብርጭቆዎቹን በጋዜጣ ስትጠቀልል አገኘኋት።

“ምን ሆነሻል?”

“ቡፌውን አንድ ጫፍ ያዝልኝ። ጓሮ እናውጣው።”

“አስናቀች፣ ቡፌውን?”

“ያዝ ነው ያልኩህ!”

ያዝኩ። ከሠርጋችን ጀምሮ ያልተነኩት ብርጭቆዎች በዝናብ ውስጥ እየተንቃጨሉ ወደ ጓሮ ሄዱ። በቡፌው ቦታ የአባባ አልጋ ገባ። ጽጌ ኮምፒውተሩን ራሷ ከጎባ ይዛው መጣች፤ ካፖርቱን አጥባዋለች። አባባ ሲያየው ወንበሩን ሳበ። ተቀመጠ፤ መታ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ስንዴው በተሰበሰበ ሰሞን ሐጂ ከዲር ሆዴን አሉ። ጎባ ሆስፒታል ወሰዷቸው። እኔም ሄጄ ጠይቄያቸው ነበር፤ “ጸሐፊውን ሰላም በልልኝ፤ መዝገቤን እንዳይዘጋው” አሉኝ። ከዚያ አልተመለሱም። ይሄኛውን ማንም ተሳስቶ አላወራውም። ጥሩምባም አልተሳሳተም።

ሐዘንተኞቹን ለማጽናናት አባባንም ወደ ሐጂ ቤት ይዘነው ሄድን። ማንን እንደሚያጽናና አያውቅም፤ ግን ይዘነው ሄድን። የሐጂ ልጆች ተነሥተው ትከሻውን ሳሙት፤ ከሽማግሌዎቹ መሐል አስቀመጡት። ቁርኣን እየተቀራ እሱ ቤቱን ዙሪያውን ቃኘ። ቤቱን ግን ሳያውቀው አልቀረም፤ ዓይኑ የሆነ ነገር ይፈልጋል። ቁርኣኑን የሚያነበው ሰው ፋታ ሲወስድ ወደ ትልቁ ልጅ ጠጋ ብሎ፣

“ባለቤቱ የት አሉ?” አለው።

ልጁ ወደ እኔ አየ። “ወጣ ብለዋል ጋሽ ተፈራ” አለው።

“እንግዲያው እጠብቃለሁ” አለ አባባ። ጠበቀ። ሰው ተነሥቶ ሲሄድ እሱ አልነሣም አለ። እኔና የሐጂ ልጅ ግራና ቀኝ ይዘን ነው ያወጣነው።

ከዚያ በኋላ የዙህር አዛን ሲሰማ ጣቱን ከቁልፎቹ አንሥቶ በሩን ማየት ጀመረ። ትንሽ ያያል፤ ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። ውሎ አድሮ መምታቱን ተወ። ቀጥሎ መብላቱን ቀነሰ። አስናቀች ጉርሻ ይዛ ትለምነዋለች፤ እሱ በሩን ያያል። ነፍሱ የወጣ ኮምፒውተርና ሥራ የጠፋበት ሽማግሌ ፊት ለፊት ተፋጠው ይውላሉ። “አሁንስ ኮምፒውተሩ ይውጣለት ይሆን?” አለችኝ አስናቀች አንድ ቀን፤ ማየቱ ከብዷት ነው። እኔም ልቤ ከሁለት ተከፈለ።

በማግስቱ ለምሳ ሱቄን ዘጋሁና ቤት ገባሁ። አዛኑ አልቋል። ወንበሩን ሳብኩና ከአባባ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። እኔ በሕይወቴ አባባን “አንተ” ነው የምለው፤ እሱም እኔን ሌላ ብሎኝ አያውቅም። ቀና ብሎ አየኝ።

“ደህና ዋሉ? ጉዳይዎ ምንድን ነው?” አለኝ።

መድኃኒት አልውጥም ያለ በግ ልከስ ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። ሳስበው ያስቅ ነበር። “እርስዎ” ስባል ግን በጉ ጠፋኝ።

“ስም ከነአያት?” አለኝ፤ እጆቹን ወደ ቁልፎቹ እየመለሰ።

ስሜን ነገርኩት። የአባቴን ስም፣ ተፈራ ስለው፣ ጣቱ ቆም አለ።

“አባትዎ አሉ?”

“አሉ።”

“ደህና ናቸው?”

“ትንሽ ይረሳሉ።”

“ዕድሜ ነው” አለኝ። “አይቆጧቸው።”

“እሺ” አልኩ።

“ጥያቄዎስ?”

“አባቴ እንዲቆዩልኝ ነው።”

እንደ ማንኛውም ጥያቄ አመዛዘነው። ከዚያ በዚያ በድሮው የቢሮ ድምፁ፣ ቃል በቃል እየተናገረ መታ፦ “ጉዳዩ፣ አባቴ እንዲቆዩልኝ ስለመጠየቅ ይሆናል።” አስናቀች ከጓዳ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች።

“ለማን ይድረስ?” አለኝ አባባ።

ይሄን አላሰብኩበትም። “እርስዎ ያውቃሉ” አልኩት።

“እኔም እንጃ” አለ። “ክፍት ልተወውና ላጣራልዎት። ሐሙስ ብቅ ይበሉ።”

ሐሙስ ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ብቅ አልኩ።